የማሾ መውቂያው ጉዳይ፦ በኮምቦልቻ አንድ ፈጠራ እንዴት እንደተወለደና መብቱ እንዴት እንደተያዘ

ይህ የጉዳይ ጥናት በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ስለተሠራ የማሾ መውቂያ ማሽን ነው። ማሽኑን የሠራው በወር ደመወዝ የሚተዳደር ወጣት በያጅ ሲሆን የሥራ ቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሌላ ሰው ናቸው። ሁለቱም ስማቸው እንዳይነሳ ስለፈለጉ በጽሑፉ ውስጥ በያጁና ባለቤቱ እየተባሉ ይጠራሉ። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት የመብት ማመልከቻ እንዳዘጋጅላቸው በተጠራሁ ጊዜ ነበር። ሊጻፍ የሚገባው ሆኖ ያገኘሁትም አንድ እንግዳ ነገር ስላለበት ነው፤ ሌላ ሥራ ቤት የገለበጠባቸው ክፍል በሕግ ሊጠበቅ የማይችል ሆኖ ሲገኝ፣ ሊጠበቅ የሚችለውን ክፍል ደግሞ ገልባጩ ጨርሶ አላየውም ነበር።

ማሾ ለምን አስቸገረ

ማሾ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በሐርቡና በአካባቢው ባሉ የቃሉ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ለገበያ የሚመረት ሰብል ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ምርቶች አንዱ በመሆኑ ገዢው ቀለሙን፣ ንጽሕናውንና የፍሬውን ሙሉነት አይቶ ዋጋ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀ የበዛበት ኩንታል ዋጋው ይወርዳል። ሰብሉ ሌላም ጠባይ አለው። ቆባው በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ በአንድ ተክል ላይ አንዱ ቆባ ደርቆ ሊፈነዳ ሲል ሌላው ገና እርጥብ ነው። ገበሬው የደረሰው ሳይረግፍበት አጭዶ ሲከምር በነዶው ውስጥ ደረቁም እርጥቡም አብሮ ይገባል።

የሥራ ቤቱ ዋና ሥራ በርና መስኮት ቢሆንም ለማሽላና ለበቆሎ የሚሆኑ መውቂያዎችን እየሠራ ይሸጥ ነበር። እነዚህ መውቂያዎች በናፍጣ ሞተር የሚዞር ከበሮ፣ በከበሮው ላይ የተበየዱ የብረት ጥርሶች፣ ከስሩም በግማሽ ክብ የታጠፈ የብረት ዘንጎች ወንፊት አላቸው። በ2010 ዓ.ም. የመኸር ወቅት አንድ የሐርቡ አካባቢ አዛውንት ገበሬ የገዙትን መውቂያ በማሾ ላይ ሞክረውት ኖሮ የወጣውን ፍሬ በፌስታል ይዘው ወደ ሥራ ቤቱ መጡ። በያጁ ያሉትን ዛሬም ያስታውሰዋል፦ «ልጄ፣ ማሽንህ ክክ ይከካል እንጂ አይወቃም። ለወጥ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ነጋዴው ግን አይገዛኝም።» ቀጥለውም በዱላ ሲወቁት ይህን ያህል እንደማይሰነጠቅባቸውና ማሽኑ የዱላን ያህል እንኳ መታገስ እንዳለበት ነገሩት።

በኋላ እኚህ ገበሬ የፈጠራው ባለድርሻ ይሆናሉ ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ችግሩን ያመጣና የሚፈለገውን ውጤት የተናገረ ሰው መፍትሔውን እስካልቀረጸ ድረስ የፈጠራ ሠራተኛ ተብሎ አይቆጠርም፤ ስለዚህ መልሱ አይሆኑም የሚል ነው። ይሁን እንጂ ያለ እሳቸው ፌስታል ጉዳዩ አይጀመርም ነበርና ባለቤቱ ማሽናቸውን በነፃ አስተካክለው መስጠታቸው ተገቢ ነበር እላለሁ።

ከመጀመሪያው ማሽን ወደ ሁለተኛው

በያጁ በመጀመሪያ ያደረገው ማንም ባለሙያ የሚያደርገውን ነው። የብረት ጥርሶቹን በግራይንደር ቆርጦ አነሳና በምትካቸው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጡ ወፍራም ምላሶችን በቡሎን አሰረ። የከበሮውን ፑሊ ዲያሜትሩ እጥፍ በሆነ ሌላ ፑሊ ተክቶም የከበሮውን ዙር በግማሽ ቀነሰ። ይህ ሁለተኛው ለውጥ ከሚመስለው በላይ ይሠራል፤ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ፍሬው ላይ የሚያርፈው የምት ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳልና። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ማሽኑ በገበሬው ውድማ ላይ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ተሞከረ፤ ስንጥቁም በግልጽ ቀነሰ። ገበሬዎቹ ድምፁ ዝግ ያለውን ማሽን «አዝጋሚው» አሉት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቶለታል።

ነገር ግን አዝጋሚው አዲስ በሽታ አመጣ። ዙሩ ስለቀነሰ እርጥብ የበዛበት ነዶ ሲገባ ከበሮው ያቃስታል፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይወጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ወንፊቱን ከከበሮው ሲያርቁት እርጥቡ ያልፋል፤ ግን ሳይወቃ ከነቆባው ይወጣል። ሲያስጠጉት ደግሞ ደረቁ ይፈጫል። ለአንዱ የሚስማማው ርቀት ሌላውን ያበላሻል፤ ነዶው ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚመጣው።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ ሙያ ነው። በያጁ ወደ ብየዳ ከመግባቱ በፊት ባጃጅ የሚጠግን ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። በ2010 ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ወንፊቱን ከሻሲው ላይ ያሰሩትን አራት ቡሎኖች ፈታና በምትካቸው ከደሴ ፒያሳ መለዋወጫ ቤት የገዛቸውን አራት የባጃጅ ሞላዎች አስገብቶ ወንፊቱን በእነሱ ላይ አንጠለጠለው። ወፍራም ወይም እርጥብ ነዶ ሲገባ ወንፊቱ ወደ ታች ይሸሻል፤ ነዶው ሲያልፍ ሞላው መልሶ ወደ ቦታው ያነሳዋል። ወንፊቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅም መሪ ዘንጉን በጠመኔ ቀባው፤ አንድ ነዶ ካሳለፈ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ጠመኔው የተፋቀበትን ልክ በጣቱ ይለካል። የደረቅ ነዶ ፋቅታ የጥፍር ያህል፣ የእርጥቡ ደግሞ የሁለት ጣት ያህል ነበር። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ሞላ ጫፍ ላይ ዳዶ ጨመረ። ገበሬው ጠዋት ጤዛ ሳለ ያላላዋል፤ ቀትር ላይ ነዶው ሲደርቅ ያጠብቀዋል።

ይህ የአመጣጥ መንገድ በመውቂያ ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። ዛሬ በየአገሩ ለሚሠሩ የከበሮ መውቂያዎች መነሻ የሆነውን ማሽን በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ስኮትላንዳዊው የወፍጮ ባለሙያ አንድሩ ሚክል የምቱን ሐሳብ የወሰደው የተልባ ጭረት ከሚደበድብ ማሽን ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩ አንዳንድ ሙከራዎች እህሉን በማሸት ላይ ያተኮሩ ሲሆኑ እሱ የሌላ ሙያ መሣሪያ ይሠራ የነበረውን ምት ወደ እህል አዛወረው። በ1788 ፓተንት፣ ማለትም ፈጠራውን ሌላ ሰው እንዳይሠራው የሚከለክል መብት፣ ቢያገኝም ከማሽኑ ብዙም አልተጠቀመም፤ በ1809 ዕድሜው ሲገፋ ወዳጆቹ 1,500 ፓውንድ አዋጥተው ጦሩት። ታሪኩን ለበያጁ የነገርኩት በሁለት ምክንያት ነው። ከባጃጅ ወስዶ ለመውቂያ ማዋል የሚያሳፍር ቁርጥራጭ ሥራ እንዳልሆነ እንዲያውቅ፣ ደግሞም ወረቀት ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከወዲሁ እንዲረዳ።

ግልበጣው

የመጀመሪያው አዝጋሚ በኅዳር ከተሞከረ በኋላ በታኅሣሥ 2010 አንድ ሰው ገዢ ነኝ ብሎ ወደ ሥራ ቤቱ መጣ። ማሽኑን ከየአቅጣጫው በስልኩ ቀረጸ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። በሚቀጥለው መኸር፣ በጥቅምት 2011፣ በደሴ አንድ ሥራ ቤት የተመረተ የጎማ ምላስ ያለው መውቂያ ገበያ ላይ ታየ። ጎማው በቡሎን ፈንታ በምስማር ስለተመታ በሁለተኛው ሳምንት ይላቀቅ ጀመር፤ ምስማሩም ከማሾው ጋር ጆንያ ውስጥ መግባቱ ተወራ። ባለቤቱን ያስቆጣቸው ገበያውን መካፈሉ ብቻ አልነበረም። ገበሬዎች ያንንም ማሽን አዝጋሚው እያሉ መጥራታቸውና የተላቀቀውን ጎማ ወቀሳ ለእሳቸው ይዘው መምጣታቸው ይበልጥ አበሳጫቸው። ወደ እኔ የመጡት በዚያ ወር መጨረሻ «ሌባውን የሚያስቆም ወረቀት» ፈልገው ነው።

የማን ነው?

ሕጉ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ከሌባው በፊት አመልካቹ ማን እንደሆነ መለየት ነበረበት፤ እዚህ ላይ ባለቤቱና በያጁ በልባቸው የያዙት የተለያየ እንደነበር የታወቀው ጥያቄው በግልጽ ሲነሳ ነው። ባለቤቱ ማሽኑ የሥራ ቤቱ ነው ብለው ያምናሉ። በያጁ ደግሞ በእሑድ ቀን፣ ማንም ሳያዘው የሠራው ስለሆነ የራሱ ነው ብሎ ያምናል፤ ግን ለጋሼ ይህን መናገር ነውር መስሎት ዝም ብሎ ነበር።

አዋጁ ሦስት ሁኔታዎችን ይለያል። ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት እንዲፈጥር ተቀጥሮ የፈጠረው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ከሥራ ውሉ ጋር ግንኙነት የሌለውና የአሠሪውን ሀብት፣ መረጃ፣ ቁሳቁስም ሆነ መሣሪያ ሳይጠቀም የፈጠረው የሠራተኛው ነው። በሁለቱ መካከል የሚወድቀው፣ ማለትም ከሥራ ግዴታው ውጭ ሆኖ ነገር ግን በሠራተኛው የግል ጥረትና በአሠሪው ቁሳቁስ ወይም መሣሪያ የተሠራው፣ የሁለቱ የጋራ ንብረት ሆኖ እኩል ይካፈላሉ። የበያጁ ውል በርና መስኮት እንዲሠራ ነው፤ መውቂያ እንዲያሻሽል አይደለም። ላሜራው፣ ኤሌክትሮዱ፣ የብየዳ ማሽኑና መብራቱ ግን የባለቤቱ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ ያለ ብዙ ክርክር ሦስተኛው ውስጥ ገባ።

ባለቤቱ ጥቂት ዝም አሉና «ብረቱ የኔ ነው፣ መብራቱም የኔ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን የሱ ነው፤ እኩል መባሉ ከፋኝ ብል እዋሻለሁ» አሉ። ወደ በያጁ ዞረውም «አብሽር፣ ከዚህ በኋላ ያሰብከውን ንገረኝ» አሉት። ሁሉም አሠሪ እንዲህ አይልም። በከተማው ባሉ ሥራ ቤቶች የቃል ቅጥር የተለመደ በመሆኑ የሥራው ወሰን ምን እንደነበረ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ይህ ጉዳይ የቀለለው ሁለቱም እውነቱን ስላልካዱ ብቻ ነው።

አዲሱ ነገር የትኛው ነው?

ሁለቱም የፈጠራቸው ልብ ጎማው ነው ብለው ነበር የመጡት። ገበሬው የሚያየው ጎማውን ነው፣ ገልባጩ የወሰደውም ጎማውን ነው። እኔ ግን የጠየቅኳቸው እያንዳንዱ ክፍል መቼ እንደተሠራ፣ መቼ ሕዝብ ፊት እንደወጣና ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ሠርቶት እንደሆነ በሰንጠረዥ እንዲያስቀምጡልኝ ነው። ሰንጠረዡ ሲሞላ ማሽኑ በሁለት ተከፈለ።

ጎማና ፑሊው በኅዳር 2010 በውድማ ላይ በይፋ ታይተዋል። ከዚህም በላይ ፍሬ እንዳይሰነጠቅ ብረትን በጎማ መተካትና የከበሮ ዙር መቀነስ በመውቂያ ሥራ ውስጥ በሰፊው የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። አዋጁ ደግሞ የአንድን የታወቀ ነገር ቅርጽ፣ መጠን ወይም ቁሳቁስ መለወጥ ብቻውን ጥበቃ እንደማያሰጥና በታወቀ ቅንጅት ውስጥ አንዱን ክፍል ተመሳሳይ ተግባር ባለው ሌላ የታወቀ ክፍል መተካትም እንዲሁ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ለውጡ የዕቃውን ግልጋሎት ካሻሻለ ግን በሩን ይከፍታል። ጎማው ግልጋሎቱን አሻሽሏል ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ክርክሩ ግን በታወቀ ዘዴ ላይ የቆመ በመሆኑ ደካማ ነው፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ ወረቀት የመጀመሪያው ጠንካራ ተቃዋሚ ሲገፋው ይወድቃል።

በሞላ ላይ የተንጠለጠለውና በዳዶ የሚስተካከለው ወንፊት ሌላ ነገር ነው። በክረምት የተሠራ፣ በሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቅምት 2011 የወጣ፣ የማሾን የእርጥብና የደረቅ ቅይጥ ችግር የሚፈታ፣ በአካባቢው ማንም ያልሠራው ክፍል ነው። የታኅሣሡ «ገዢ» በስልኩ ሲቀርጽ ይህ ክፍል ገና አልተፀነሰም ነበር። በያጁ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም፤ ለሞላው ይህን ያህል ዋጋ አልሰጠውም ነበርና። ችግር ሲያጋጥመው እንደ ጥገና ያደረገው ነገር ስለሆነ ፈጠራ ብሎ አላሰበውም። እኔ ባየኋቸው ጉዳዮች ይህ የተለመደ ነው፤ ሠሪው የሚኮራበት ክፍል ለዓይን የሚታየው ሲሆን አዲሱ ነገር ግን ሳያስበው በጥገና መልክ የገባው ክፍል ሆኖ ይገኛል።

የጥበቃውን ዓይነት መምረጥ

አዋጁ ለዚህ ጉዳይ ሊያገለግሉ የሚችሉ የተለያዩ መንገዶች አሉት። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠም ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ሆኖም የሚጠይቀው አዲስነት ዓለም አቀፍ ነው፤ በየትኛውም አገር በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በአጠቃቀም ለሕዝብ የተገለጸ ነገር ሁሉ ይቆጠራል። ከአዲስነቱ ሌላም የፈጠራ ብቃት ሊኖረው፣ ማለትም ሙያውን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ የማይደርስበት ሊሆን ይገባል። በዓለም ላይ በሞላ የተያዘ የመውቂያ ወንፊት ማንም አልሠራም ብሎ መማል የሚችል ሰው የለም። የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት በአንጻሩ ለአነስተኛ ፈጠራ የተዘጋጀ ነው። የሚጠይቀው አዲስነትና ኢንዱስትሪያዊ ተፈጻሚነት ነው፤ ለ5 ዓመት ይሰጥና ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ እየዋለ መሆኑ ሲረጋገጥ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ለአንድ የመኸር ወቅት ማሽን ይህ በቂ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ የግልጋሎት ሞዴሉን መረጥን።

ምስጢር አድርጎ መያዝ የሚለው ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ከተሸጠ በኋላ ማንም ቁልፍ ይዞ ፈትቶ ሊያየው በሚችል ማሽን ላይ ግን ምስጢር አይጸናም። የኢንዱስትሪ ንድፍ የሚጠብቀው የዕቃውን ውጫዊ መልክ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ አይረባም። «አዝጋሚው» የሚለውን ስም በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ማስመዝገብ ግን ለባለቤቱ ቅሬታ ከሁሉ የቀረበው መልስ ነበር፤ ምክንያቱም የከነከናቸው የስማቸው መበላሸት ነው። እሱን ለብቻው እንዲያስቡበት ተውኩት።

የጊዜው ነገር አንገብጋቢ ነበር። አዋጁ አመልካቹ ራሱ ፈጠራውን ለሕዝብ ያሳየበት ወይም ሌላ ሰው ያለአግባብ የገለጠበት ቀን ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ አዲስነቱን እንደማያጠፋ ይደነግጋል። ይህ የተጻፈው ስለ ፓተንት አዲስነት በሚናገረው አንቀጽ ስር በመሆኑ ለአነስተኛ ፈጠራ ስለመዋሉ ክርክር ሊነሳበት ይችላል። ለወንፊቱ ግን ብዙ አላሰጋንም፤ ይፋ ከወጣ ሳምንታት ብቻ ናቸው። ጎማው በማመልከቻው ውስጥ ቢገባ ኖሮ ኅዳር ከማለቁ በፊት መድረስ ግድ ነበር። ለማንኛውም ማመልከቻው በኅዳር መጀመሪያ 2011 አዲስ አበባ በሚገኘው፣ ያኔ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ዛሬ ደግሞ ባለሥልጣን በሚባለው መሥሪያ ቤት ገባ። ተመሳሳይ ነገር ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ቢፈጥሩ መብቱ ቀድሞ ያመለከተው ነውና አንድ ሳምንትም ዋጋ አለው።

የመብቱን ወሰን መጻፍ

በማመልከቻ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወስደው መግለጫው ወይም ሥዕሉ አይደለም። የሚከብደው የመብቱ ወሰን የሚጻፍበት አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው ምን እንዳያደርግ እንደሚከለከል የሚወስነው እሱ ብቻ ነውና። በያጁ በመጀመሪያ የጻፈው «ወንፊቱ በአራት የባጃጅ ሞላ የታሰረ የማሾ መውቂያ» የሚል ነበር። ይህ እንደ ማስታወቂያ ጥሩ ነው፤ እንደ አጥር ግን ቀዳዳ ነው። ገልባጩ በባጃጅ ሞላ ፈንታ የሞተር ሳይክል ሞላ ቢያስገባ ወይም አራቱን ሦስት ቢያደርጋቸው ወሰኑን አልጣሰም ይባላል። ሁለተኛው ረቂቅ ደግሞ «በማናቸውም ሊለጠጥ በሚችል ነገር የተያዘ ወንፊት» የሚል ነበር። እሱ ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ ሌላ ቦታ ያለ አሮጌ ማሽን ሊነካና ሙሉ በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል።

በመጨረሻ የጸናው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የማሾ ነዶን በሚሽከረከር ከበሮ የሚወቃ ማሽን ሆኖ፣ ከከበሮው ስር ያለው ወንፊት በመሪ ዘንጎች ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ በሞላዎች የተንጠለጠለ፣ የሞላዎቹም ጥብቀት ከማሽኑ ውጭ በእጅ በሚዞር ዳዶ ወይም መሰል ማስተካከያ እንደ ነዶው እርጥበት የሚለወጥ መሆኑ መለያው የሆነ።» እዚህ ውስጥ ዋናው ሐረግ «ከማሽኑ ውጭ በእጅ» የሚለው ነው። ገበሬው ማሽኑን ሳይፈታ በቀን ውስጥ እንዲያስተካክለው ያስቻለው እሱ ነው፤ ሌሎች ማሽኖች ሞላ ቢኖራቸውም እንኳ ልዩነቱ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ማስረጃ ሆነው የቀረቡት በያጁ በስልኩ ያነሳቸው ቀን ያላቸው ፎቶዎችና የሞላዎቹ ግዢ ደረሰኝ ናቸው። ንድፉ የተሣለው በጠመኔ በላሜራ ላይ ስለነበርና ላሜራው በኋላ በር ስለሆነ የመጀመሪያው ሥዕል አልተገኘም።

የጤፉ ወሬ

ማመልከቻው ገብቶ ምላሽ በሚጠበቅበት ጊዜ፣ በ2011 አጋማሽ ላይ፣ የጤፍ ፓተንት ተሰረዘ የሚለው ወሬ በየካፌው ተሰማ። ባለቤቱ ደውለው «ፈረንጁ ያን ሁሉ ወረቀት ይዞ ከተሰረዘበት የኛ ወረቀት ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትና ከዱቄቱ በሚሠሩ ምርቶች ላይ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ፓተንት አግኝቶ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ግን የሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ያለውን ፓተንት የፈጠራ ብቃት ስለሚጎድለው ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ፍርዱ የተሰጠው በሁለት ኩባንያዎች ክርክር ሲሆን መብቴ ተጣሰ ብሎ የከሰሰው ወገን ራሱ ፓተንቱን ያጣበት ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ወረቀት ዋጋ ቢስ ነው የሚል መደምደሚያ አይደለም። የታወቀን ነገር ወረቀት አዲስ አያደርገውም፤ መብቱም የሚፈተነው በተሰጠበት ቀን ሳይሆን ሌላውን ለመክሰስ በተመዘዘበት ቀን ነው። ጎማውን ይዘን ብንሄድ ኖሮ፣ ሰርተፊኬቱ ቢሰጥ እንኳ፣ የደሴው ሥራ ቤት ጠበቃ በአንድ የቆየ የመውቂያ ካታሎግ ሊያስሰርዘው ይችል ነበር። ባለቤቱ ጎማው መተዉን የተቀበሉት ከዚህ ንግግር በኋላ ነው።

ከሰርተፊኬቱ በኋላ

ሰርተፊኬቱ በባለቤቱና በበያጁ ስም በጋራ ተሰጠ። ገልባጩን ግን አልከሰሱትም፤ የሸጠው ማሽን የጎማ ምላስ እንጂ የሞላ ወንፊት ስላልነበረው የሚከሰስበት ነገር የለም። ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ከጉዳዩ ሁሉ ከባዱ ክፍል ነበር ማለት እችላለሁ። ነገሩ የተፈታው በሁለቱም ወገን በሚታወቁ ሽማግሌዎች ነው። የደሴው ሥራ ቤት ባለቤት የጎማ ምላሱ በእርጥብ ነዶ እንደሚታነቅ ከደንበኞቹ ቅሬታ ያውቅ ስለነበር በሞላ የተንጠለጠለውን ወንፊት ለማየት ጉጉ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለጎማው ይቅርታ እንዲጠይቅና «አዝጋሚው» በሚለው ስም እንዳይሸጥ አስማሙት። ወንፊቱን ደግሞ በሚሠራው በእያንዳንዱ ማሽን ልክ እየከፈለ እንዲጠቀም የፈቃድ ውል በጽሑፍ ተፈራረሙ። ሰርተፊኬቱ ባይኖር ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይቅርታውን ያስገኙ ነበር፤ ክፍያውን ግን የሚያስከፍሉበት መሠረት አይኖራቸውም።

በባለቤቱና በበያጁ መካከል ያለው ውል የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከዚህ በፊት ቢሆን ይሻል ነበር። ውሉ ገቢው እኩል እንደሚከፈል፣ የእድሳት ወጪውን ሥራ ቤቱ እንደሚሸፍን፣ ለሦስተኛ ወገን ፈቃድ መስጠት የሚቻለው ሁለቱም ሲፈርሙ ብቻ እንደሆነና በያጁ ሥራ ቢለቅ ማሽኑን በራሱ ቤት የመሥራት መብቱ እንደማይቋረጥ ይላል። ለእድሳት የአጠቃቀም ማስረጃ ስለሚያስፈልግም እያንዳንዱ ሽያጭ የማሽኑ ዓይነት በተጻፈበት ደረሰኝ እንዲመዘገብ ተስማሙ። ቀድሞ ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው «ልዩ ልዩ የብረት ሥራ» የሚል ብቻ ስለነበር ይህ ለሥራ ቤቱ ትልቅ ለውጥ ነው።

ውሉ አንድ ነገር ዘልሏል። በያጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራ ለቅቆ በራሱ ሼድ መሥራት ሲጀምር ነዶው ወደ ከበሮው የሚገባበትን አፍ ቀየረና እጅ ወደ ውስጥ እንዳይሳብ የሚከላከል ክዳን ጨመረ። ባለቤቱ ይህም የጋራ ነው አሉ፤ በያጁ ደግሞ ከሥራ ቤቱ አንድ ምስማር እንኳ ሳልወስድ የሠራሁት ነው አለ። በአዋጁ መሠረት የበያጁ አቋም ትክክል ነው። ውሉ ግን ስለ ማሻሻያ ምንም ስለማይል ክርክሩ ወደ ፍቅር ማጣት እያመራ ነበር። ተጨማሪ ገጽ ተጻፈና በወንፊቱና በሞላው ላይ የሚደረግ ማሻሻያ፣ ማንም ያድርገው ማን፣ የጋራ እንዲሆን፣ በሌሎች የማሽኑ ክፍሎች ላይ የሚደረገው ግን የሠራው ሰው እንዲሆን ተስማሙ። ክዳኑ የበያጁ ሆነ፤ ባለቤቱም በሚሸጡት ማሽን ላይ ክዳኑን ለማስገባት ለቀድሞ ሠራተኛቸው እየከፈሉ ነው።